ልጄ ስታክ ታድራለች፣ እኛ በቅባቷ ስንጣላ እንውላለን

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት ልጅ አለችኝ። አምስት ወሯ አካባቢ ጉንጯ ላይ ሻካራ ነገር ወጣባት። መጀመሪያ የምራቅ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ጥርስ ልታበቅል ነው ተባለ። አሁን ጉንጯ ተሽሎታል፤ ግን ወደ ክርኗ እጥፋትና ወደ ቋንጃዋ ዞረ። ቦታው ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ስታከው ውሃ ያወጣና ይደርቃል። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ኤክዜማ ነው፣ ችፌ የምትሉት ማለት ነው፣ ብለው ቅባት አዘዙላት። ስቀባት ይጠፋል፣ ሳቆም ይመለሳል።

ባለቤቴ ቅባቱ ስቴሮይድ እንዳለበት ስልኩ ላይ አነበበና ‹የልጄን ቆዳ ልታበላሺ ነው› ብሎ አስቆመኝ። ከዚያ ጎረቤቴ ከአንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ምንም ጽሑፍ የሌለው፣ በትንሽ ብልቃጥ የተሞላ ቅባት ገዝታ ሰጠችኝ። በጥቂት ቀን ቆዳዋ ጥርት አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሲያልቅ ግን ከበፊቱ ብሶ መጣ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ ‹ጠበል ነው የሚያድናት፣ ይሄን ሁሉ ቅባት ጣዪው› ይላሉ። ጡት ሳጠባት እንቁላል ስለበላሁ የመጣ ነው ብለው እንግዳ ፊት ተናግረውኛል። እኔም ግራ ሲገባኝ ለልጅቷ እንቁላልና ወተት ከለከልኳት። ለውጥ የለውም። እንዲያውም ከስታ ሱሪዋ ሰፍቷታል።

የምትውልበት ሕፃናት ማቆያ ‹ወላጆች ቅር ብሏቸዋል፣ እስኪሻላት ቤት ትቆይ› ብለውኛል። ሥራ አለኝ፣ ስንቴ ነው ፈቃድ የምጠይቀው? ሌሊት እሷም አትተኛም፣ እኔም አልተኛም። ባለፈው ስታክ አንሶላው ደም ሆነ። ‹ተይ አልኩሽ!› ብዬ እጇን መታኋት። አልቅሳ አልቅሳ ተኛች። እኔ ግን እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጥፋቱ የኔ ነው? ማንን ልስማ?

የደከማት እናት»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ኤክዜማ እናት ስላልተጠነቀቀች አይመጣም። ጡት ስታጠቢ በበላሽው እንቁላልም አልመጣም። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ይዘውት የሚወለዱት የቆዳ ባሕርይ ነው። ብዙዎቹ ላይ የሚጀምረውም እንዳንቺ ልጅ የመጀመሪያ ልደታቸው ሳይደርስ ነው። ጉንጭ ላይ ተነስቶ፣ ልጁ ቆሞ ሲሄድ ወደ ክርንና ወደ ቋንጃ መዞሩም የተለመደ መንገዱ ነው። እስቲ አስቢው፤ ባንቺ ወይም በባለቤትሽ ቤተሰብ አስም ያለበት አለ? «ሳይነስ አለብኝ» እያለ አቧራ በነካው ቁጥር የሚያስነጥስ፣ ዐይኑን የሚያሽ? ልጅ ሆኖ ችፌ የነበረበት? እነዚህ ነገሮች አንድ ቤተሰብ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ካለ ለሐኪሙ ንገሪው። አደራሽን ግን «ካንተ ወገን ነው የመጣው» ለመባባል አይሁን። ቤታችሁ ሌላ ጠብ አያስፈልገውም።

እጇን ስለመምታትሽ አልቆጣሽም። ለወራት እንቅልፍ ያጣ ሰው ከራሱ ውጭ ይሆናል። ግን ይሄን ልብ በይልኝ፤ ማከኩን ልታቆመው አትችልም። ከአቅሟ በላይ ነው። ሕፃን ቀርቶ አዋቂም ተኝቶ ሳያውቀው ያካል። ስለዚህ «ተይ» የሚለው ቃል ለእሷ ምንም አይሠራላትም፤ ጥፋተኛ እንደሆነች ብቻ ነው የሚነግራት። ዛሬ እቀፊያትና «እማዬ ደክሟት ነው የመታችሽ፣ ይቅርታ» በያት። ቃሉ ባይገባት ድምፅሽ ይገባታል። ሌሊቱን እንዴት እንደምታቀሉት በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን በሽታው ራሱ ምን እንደሆነ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ቤታችሁ ውስጥ ያለው ክርክር ግማሹ ከዚህ የሚነሳ ይመስለኛል። ደኅና ቆዳ ውሃውን ውስጥ ይይዛል፣ አቧራውንና ጀርሙን ውጭ ያስቀራል። የልጅሽ ቆዳ ግን ምርጊቱ የረገፈ የጭቃ ቤት ነው፤ የውስጡ ወዝ በስንጥቁ ይወጣል፣ የውጭው ነገር ሁሉ ይገባል። አቧራ፣ ሳሙና፣ ጭስ፣ ላብ፣ የሱፍ ሹራብ፣ እነዚህ ሲገቡ ሰውነቷ ይቆጣል፣ ቦታው ያብጣል፣ ያሳክካል። ስታከው ደግሞ ስንጥቁ ይሰፋል። ሲሰፋ የበለጠ ያሳክካል። ዙሪያ ጥምጥም የሚሆነው ለዚህ ነው። ቅባቱን ስታቆሚ የሚመለሰውም ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ስላልሠራ ሳይሆን ቁጣው በረደ እንጂ ደረቅነቱ ስላለ ነው። እና እውነቱን ልንገርሽ፤ አንዴ ተቀብቶ ለሁልጊዜ የሚያጠፋው ቅባት የለም። ያንን ቅባት ፍለጋ ነው ከጤና ጣቢያ ወደ ብልቃጡ፣ ከብልቃጡ ወደ ጠበሉ ያዞራችሁ። ያለው በየቀኑ መያዝ ነው። በደንብ ከተያዘ ደግሞ ልጅሽ ተኝታ ታድራለች፣ ብዙ ልጆችም እያደጉ ሲሄዱ እየቀነሰላቸው ይመጣል፣ ጭራሽ የሚተዋቸውም አሉ።

የከተማችን አየርም አይረዳሽም። መሃል አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ አየሩ ይደርቃል፣ የአዋቂው ከንፈርና ተረከዝ እንኳ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የግንባታው አቧራ አለ። ወቅቱን ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? መቼ እንደሚብስባት ብትጽፊው ብዙ ነገር ይነግርሻል።

ዋናው ሥራ እንግዲህ ያንን ስንጥቅ በየቀኑ መድፈን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግም። ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን በቂ ነው። ገላዋን ለብ ባለ ውሃ እጠቢያት፣ ሙቅ አይሁን፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየቀኑ ማጠብ ካልተመቸሽ አትጨነቂ፣ ቀን እየዘለልሽ በሳፋም ይሆናል። ሽቶ ያለው ሳሙና፣ ፀረ ጀርም ሳሙና፣ ፓውደር ይቅሩ። መፋቂያም አትጠቀሚ። ስታወጫት በፎጣ አታሻሻት፣ ነካ ነካ እያደረግሽ አድርቂያት። ከዚያ ቆዳዋ ገና ርጥበት እያለው፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ መላ ሰውነቷን ቀቢያት። ወደ ታች፣ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ። ያልታመመውንም ቦታ ቀቢ። ባልታጠበችበት ቀንም ጠዋትና ማታ ቢያንስ ሁለቴ ይቀባ። ብዙዎቻችን ቫዝሊን ስንቀባ እንቆጥባለን፤ እንደ ኮስሜቲክስ እናየዋለን። ደረቅነቱ መላ ሰውነት ላይ ለሆነ ልጅ ግን በሳምንት 250 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያልቅ ይችላል። ትልቁን ዕቃ ግዢ። በጣትሽ እየዛቅሽ ጀርም እንዳታስገቢበት በንጹሕ ማንኪያ ቀንሺ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቡና ለሚፈላበት ቤት ሁሉ። ቫዝሊን የጠጣ ልብስ እሳት ከነካው ቶሎ ይያያዛል። ተቀብታ ከሰል፣ ሻማ ወይም ጧፍ አጠገብ አትሂድ። አንሶላዋንና ፒጃማዋን ቶሎ ቶሎ እጠቢ። የእጣኑና የከሰሉ ጭስም ቆዳዋን ይቆጣዋል፤ ቡናው ሲፈላ መስኮት ይከፈት፣ እሷ ሌላ ክፍል ትሁን። ልብሷ ከጥጥ ይሁን። ሹራብ ካለበሻት ከሥር ጥጥ ይኑር። ልብሷን በበረኪና አትዘፍዝፊ፣ የልብስ ሳሙናውም በደንብ እስኪወጣ ደጋግመሽ አለቅልቂው።

ወደ ከባዱ ልምጣ፣ የቆዳን ቁጣ ወደሚያበርደው መድኃኒት፣ ወደ ስቴሮይዱ። ባለቤትሽ የፈራው ከአባትነት ነው፤ ያነበበውም ነገር ከመሬት ተነስቶ የተጻፈ አይደለም። ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ፊት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ግን ሁሉም ስቴሮይድ አንድ አይደለም። ለሕፃን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እንደ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ያለው ለዘብተኛው ነው። ክሎቤታሶል የሚባለው ደግሞ ከሁሉም ኃይለኛው ጎራ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም «ስቴሮይድ» ብሎ መፍራት ልጅቷን ያለ መድኃኒት ያስቀራታል፤ ያልታከመ ኤክዜማም ቆዳን ይጎዳል፣ ያወፍራል፣ ለቁስለት ያጋልጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ያንቺ ልጅ ቅባት የትኛው ነበር? ቱቦው ላይ ስሙና መቶኛው ተጽፏል፤ ካልጣልሽው ፎቶ አንሺው።

አቀባቡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የተቆጣው ቦታ ላይ ብቻ፣ ሐኪሙ ባለው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይቀባል። ቁጣው እስኪበርድ ነው፣ በግማሽ አይቋረጥም፣ ከበረደ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀጠልም። ለመለካት ከቱቦው በአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ ላይ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ጨመቅ አድርጊ፤ ያ ግማሽ ግራም አካባቢ ነው፣ ጣቶቹን ጨምሮ ሁለት የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። ከቫዝሊኑ ጋር በአንዴ አትደርቢው፣ በመሃል ትንሽ ቆይታ ስጪው። ሌላም ነገር አለ፤ ኤክዜማ ሲድን እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ብዙ ወላጅ ይሄን ያይና «ቅባቱ አነጣት»፣ ሲብስም «ለምጽ ሆነባት» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን የቁጣው ራሱ አሻራ ነው፣ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ባለቤትሽ ያየው ይሄንን ይሆን? ጠይቂው።

ብልቃጡን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ጽሑፍ የሌለው ቅባት ሕፃን ላይ አይቀባም። በቃ። ውስጡ ያለውን ማንም ሊነግርሽ አይችልም። በጥቂት ቀን ጥርት አድርጎ፣ ሲቋረጥ ብሶ የሚያስነሳ ነገር ስሰማ ግን የምጠረጥረው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ፊት ለማንጻት በየሱቁ ተቀላቅለው የሚሸጡ ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታሶል መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። ባለቤትሽ የሚፈራው ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ጎረቤትሽ ክፉ አላሰበችም፣ አትጣያት። ባዶ ብልቃጡን ግን ያዢና ለሐኪሙ አሳዪ፤ ለስንት ጊዜ፣ የት የት ቦታ እንደቀባሽ ሳትደብቂ ንገሪው። እሱን ካላወቀ የሚያየው ቆዳ ያሳስተዋል።

ስለ ምግቡ። አንዳንድ ልጆች ላይ የምግብ አለርጂ ኤክዜማውን ያባብሳል፣ ይሄ እውነት ነው። የሁሉም ልጅ ግን አይደለም። እንቁላል ወይም ወተት በወሰደች በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሰውነቷ ሽፍ ብሎ፣ ከንፈሯ አብጦ፣ አስመልሷት ያውቃል? እንዲህ ያለ ነገር ካልነበረ፣ ካቋረጥሽውም በኋላ ለውጥ ከሌለ፣ የእንቁላሉና የወተቱ ጉዳይ የመሆኑ ነገር አጠራጣሪ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ከቆዳዋ ይልቅ መክሳቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ወተትና እንቁላል ከልጅ ላይ ሲነሳ ምትኩ መታሰብ አለበት። በዚህ ሳምንት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመዝኛት። ምግቡን መመለሱን ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረሽ አድርጊው፣ ምክንያቱም ኤክዜማ ያለበት ልጅ አንድን ምግብ ለረጅም ጊዜ ትቶ ድንገት ሲጀምረው አንዳንዴ ሰውነቱ ሊቆጣ ይችላል።

አማትሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ እንግዳ ፊት የተናገሩሽ ነገር ከሁሉም በላይ እንዳቆሰለሽ ታየኝ። ልክ አልነበሩም። ግን እሳቸውም የልጅ ልጃቸው ስትሰቃይ ሌሊት ይሰማሉ፤ የሚያውቁትን መድኃኒት ነው የሚያቀርቡት። ጠበሉን አትከልክይ። እኔ ብሆን አብሬያቸው እሄድ ነበር። ተጠምቃ ስትጨርስ እንዳይበርዳት ቶሎ በለስላሳ ፎጣ አድርቀሽ ቫዝሊኗን ቀቢያት። መድኃኒቱ አይቋረጥ። «ጠበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም» የሚሉ ከሆነ፣ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መምከራቸውን አስታውሻቸው። የንስሐ አባታችሁም ያግዙሻል ብዬ አምናለሁ።

የማትስማሚው በሚቀባው ነገር ላይ ይሁን። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የተቆጣ ቆዳን ያቃጥላሉ። ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ ከነካው ቆዳው እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ቅቤም ቢሆን በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አይመከርም። ይሄን ስትነግሪያቸው ብቻቸውን ሲሆኑ፣ በእርጋታ ይሁን። «እማዬ፣ የማታውን ቫዝሊን እርስዎ ቢቀቡልኝ፤ በእርስዎ እጅ ሲሆን አታለቅስም» በያቸው። ሥራ ስጫቸው። ዳር ቆሞ የሚተች ሰው ውስጥ ሲገባ ንግግሩ ይለወጣል። እንቁላሉን በተመለከተ ደግሞ ባለቤትሽ ነው ለእናቱ መናገር ያለበት። አንቺ አይደለሽም።

እዚህ ላይ እያለሁ አንድ ነገር ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለእንግዳም ጭምር። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ልጅቷን አይሳማት፣ ፊቷንም አይንካ። ምች የምንለው የከንፈር ቁስል ከቫይረስ ነው የሚመጣው፤ ኤክዜማ ባለበት ቆዳ ላይ ከገባ በፍጥነት ይዛመታል፣ ሕፃን ላይ አደገኛ ነው። ትንንሽ፣ እኩል የሚያህሉ፣ የሚያሙ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች በጅምላ ከወጡባት፣ ትኩሳትም ካላት፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ዐይኗ አጠገብ ከሆነማ ይበልጥ ቶሎ። ከዚህ ሌላ ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ መግል ከያዘ፣ ቦታው ከሞቀና ከሰፋ ጀርም ገብቶበታል ማለት ስለሚሆን በዚያው ቀን ትታይ። ቤት በተረፈ አንቲባዮቲክ አትሞክሪ።

ሌሊቱን እንዴት እናቅልለው? ጥፍሯን በአጭሩ ቁረጪ፣ ሹል ጫፉን ሞርጂው። የማታው ቅባት ከመተኛቷ ትንሽ ቀደም ይበል። ብርድ ልብስ አትደራርቢባት፤ ሙቀት ማሳከኩን ይቀሰቅሰዋል፣ እኛ ደግሞ ብርድ እንዳይመታቸው ብለን ልጆቻችንን እናፍናቸዋለን። ስትነቃና ስታክ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ቦታው ላይ አድርጊላት፣ ከዚያ ቫዝሊን። እጇን ከመያዝ እጇ ውስጥ የሚጨበጥ ነገር ስጪያት። የጥጥ ካልሲ እጇ ላይ ማጥለቅም ለአንዳንድ ልጆች ይሠራል፣ የሚናደዱበትም አሉ፤ ሞክሪው። እንቅልፍ እንዲወስዳት ብለሽ ግን የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ በራስሽ አትስጫት። በተለይ ፕሮሜታዚን ያለበት ሽሮፕ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፣ ትንፋሽ እስከማፈን ሊደርስ ይችላል። እና ሌሊቱን ከባለቤትሽ ጋር ተካፈሉት። አንድ ሌሊት አንቺ፣ አንድ ሌሊት እሱ። እሱ ሥራ አለው ትይኝ ይሆናል፤ አንቺስ የለሽም?

ማቆያው ያለሽ ነገር ያናድዳል፣ ግን በቁጣ አትሂጂባቸው። ኤክዜማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመጨባበጥም፣ በመጫወቻም፣ በፎጣም አይጋባም። ወላጆቹ የፈሩት እከክን ነው ብዬ እገምታለሁ፤ እከክ ይጋባል፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ይሄንንም ያጣራልሽ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው፣ አንቺ ወይም አማትሽ፣ በተለይ ሌሊት ያሳክካችኋል? በጣታችሁ መሃል፣ አንጓችሁ ላይ፣ ወገባችሁ ዙሪያ የወጣ ነገር አለ? ካለ ሳታፍሪ ተናገሪ፤ እከክ ከሆነ መላው ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ይታከማል። ከሌለና ኤክዜማ መሆኑ ከተረጋገጠ «ተላላፊ አይደለም፣ ከልጆች ጋር መዋል ትችላለች» የሚል አጭር ወረቀት ይጻፍልሽ። ወረቀቱን ይዘሽ ኃላፊዋን ለብቻዋ አነጋግሪያት። ስሟ የተጻፈበት ቫዝሊን ስጪያት፤ ቀን ላይ አንዴ እንዲቀቧት፣ እጇን ሲያስታጥቧት ሽታ በሌለው ሳሙና እንዲሆን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ እምቢታው የሚመጣው ምን እንደሚደረግ ካለማወቅ ነው።

ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ ጤና ጣቢያችሁ ይሁን፤ የጤና መድኅን ካላችሁም ሪፈሩ ከዚያ ነው የሚነሳው። በትክክል ተቀብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተሻላት፣ ወይም በተደጋጋሚ ከቆሰለች፣ ቆዳ ሐኪም ጋ እንዲልኩሽ ጠይቂ። ለእናንተ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው፤ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታልም በቆዳ ሕክምና የቆየ ነው። የባሰባት ቀን ፎቶ አንሺ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፤ ቀጠሮው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ የተሻላት ቀን ነውና። ቱቦውንና ብልቃጡን በፌስታል ያዢ። ባለቤትሽ አብሮሽ ይግባ እንጂ ውጭ አይጠብቅ። «ይሄ ቅባት ኃይለኛ ነው ወይስ ለስላሳ? ፊቷ ላይ ይቀባል? ስንት ቀን? መቼ እናቁም? ቢመለስስ?» የሚሉትን ጥያቄዎች እሱ ራሱ ይጠይቃቸው፣ መልሱንም ስልኩ ላይ ይጻፈው። አማትሽ ሲጠይቁ ያንኑ ያንብብላቸው። የማቆያውን ወረቀት ደግሞ ከክፍሉ ሳትወጡ አስጽፉት፤ ማኅተም ይኑረው።